ክሴን አንስቻለሁ

ኅዳር 4

አኩራፊው ዛሬም አኩርፎ ዋለ። ማተሚያዬን ማለቴ ነው። ወረቀቱን ይጎርስና ግማሽ ላይ ሲደርስ ያኝከዋል። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ሰደብኩት፣ ለመንኩት... በአራተኛው ሠራ። ባል ቢሆን ኖሮ ድሮ ነበር የማባርረው።

ጠዋት ሁለት ጎረቤታሞች መጡ። በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው፣ ተሰዳድበው፣ ተካሰው፣ አሁን ታርቀዋል። "ክስ ማንሻ ጻፊልን" አሉኝ። ምን እጽፋለሁ፣ ተጽፎ ተቀምጦ። ስምና ቀን ብቻ ነው የምቀይረው። "በመካከላችን የተፈጠረውን አለመግባባት በስምምነት የፈታን ስለሆነ ክሴን አንስቻለሁ።" ከጋሼ ታይፕ የወረስኩት ዓረፍተ ነገር። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ይህችንም ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ትቶልኝ ነው የሞተው። "ሰው ከተስማማ ነገር አለቀ፣ አንቺ ወረቀቱን አሳምሪ" ይለኝ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት አሳምሬያለሁ።

ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄዱ። ቀናሁ መሰለኝ... እኔ የሚያጣላኝ ሰው እንኳ የለኝም።

ማታ ሻይ አፈላሁ። ሁለት ኩባያ አለኝ፤ አንደኛው ከተገዛ ጀምሮ በአፉ እንደተደፋ ነው። ዛሬ ከሥራ ውጪ ከአፌ የወጣ ቃል ቢቆጠር "ወራጅ አለ" ብቻ ነው።

ኅዳር 9

ታላቄ መጣች፣ እህቴ። እዚህ፣ ሥራ ቦታዬ! ስንት ወሯ ነው? ደስ ብሎኝ ልስማት ስነሳ ፊቷን አየሁት። አመድ መስሏል።

"ወረቀት ጻፊልኝ። ቶሎ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

ሞባይል ጠጋኙ ታስሯል። ከቤቷ ሥር ሱቅ የተከራየው፣ ሰላምታው የሚያምረው፣ አምፖል ሲቃጠል ሮጦ የሚቀይርላት። ከድንቢጥ ጋር ነው ነገሩ። ከልጇ ጋር። ከክረምት ወዲህ... ትምህርት ቤት ያለችው አማካሪ ናት ለፖሊስ የጠቆመችው።

"ማን ጠየቃት? እናቷ እኔ ነኝ! እኔ ካልከሰስኩ ማን ይከሳል? ያገባታል እኮ። ቃል ገብቶልኛል። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ያንን የምትጽፊውን ጻፊልኝና ይለቀቅ።"

ድንቢጥ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። እሱ ሠላሳ አንድ። ይህን በልቤ ቆጠርኩ። እጄ ግን ለብቻው ሄደ፤ ስም፣ ቀን፣ ክሴን አንስቻለሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አኩራፊው እንኳ፣ ምቀኛ፣ ዛሬ ሳያኩርፍ አተመው።

ሳትቀመጥ ሄደች።

ኅዳር 10

ምን አድርጌ ነው?

ጠዋት የአባባን ወረቀቶች የያዘውን ካርቶን ከአልጋዬ ሥር ጎተትኩት። እዚያ እንዳለች አውቃለሁ። ካርቦን ቅጂ፣ ቢጫ የሆነች፣ በእጥፋቷ የተቀደደች። አባባ ሲሞት ነው ያገኘኋት። "በመካከላችን የተፈጠረውን አለመግባባት በስምምነት የፈታን ስለሆነ..." ከሥር የአባባ ፊርማ። ከጎኑ የጓደኛው።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባባ ወደዚህችው ክፍል እጄን ይዞ አመጣኝ። ጋሼ ታይፕ የጽሕፈት መኪናውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ጻፈ፤ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ሲጨርስ "በቃ፣ አለቀ" አለ። እኔም አለቀ ስላሉ አለቀ አልኩ። ከዓመታት በኋላ ሥራ ሲጠፋ እሱው ዘንድ ተቀጠርኩ። አላወቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

አለመግባባት! የምን አለመግባባት ነበር በእኔና በዚያ ጓደኛው መካከል?

ኅዳር 16

ዐቃቤ ሕጓ መጣች። ቢሮዋ ድረስ ጠርታኝ አይደለም፣ ራሷ በእግሯ። የሠላሳ ዓመት ልጅ ብትሆን ነው፤ ጫማዋ ጭቃ ነክቷል። ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። የታላቄን።

"ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት?"

"አዎ። ስህተት አለው እንዴ?"

"ፊደሉ ንጹሕ ነው። ነገሩ ነው ስህተት።" ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። "ስድብ፣ የጎረቤት ግፊያ... ተበዳዩ ካልከሰሰ እኛ አንገባም። ታርቄያለሁ ካለም ያበቃል። ይኼ ግን የእናቷ ክስ አይደለም።"

"የአባቷ ነው?"

"የአባቷም አይደለም። የልጅቷም አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"የመንግሥት። የሁላችንም ይበሉት። መምህር፣ ጎረቤት፣ ሐኪም፣ ያየ የሰማ ሁሉ መጠቆም ይችላል። ከተጠቆመ በኋላ ቤተሰብ አነሳሁ ቢል የሚያነሳው ነገር የለም።"

"ልጅቷ ራሷ ወድጄ ነው ብትልስ?"

"አስራ ስምንት ሳይሞላት እሺ ማለቷ ለአዋቂ ሰው መከላከያ አይሆነውም። ሁለት እኩያ ልጆች ቢሆኑ በሌላ ዓይን ይታይ ነበር። ይኼ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። እኛ የምንጠይቀው ዕድሜዋን ነው።"

"እንግዲያው የጻፍኩት ወረቀት ምንም አልሠራም ማለት ነዋ" አልኳት። ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

"ይሠራል እንጂ። ቤተሰብ ወረቀቱን ሲይዝ ነገሩ አለቀ ብሎ ልጅቷን ይዞ ይጠፋል። ምስክር የለ፣ ምን የለ። ያኔ መዝገቡ ይዘጋል።" ወረቀቱን አጠፈች። "መዝገብ ቤት ውስጥ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች አሉ። ሁሉም ላይ ያው ዓረፍተ ነገር ነው። ከየት ነው የሚመጣው እያልኩ ነበር..."

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 17

ሃያ አንድ ዓመት። ስንት ልጅ?

ኅዳር 21

የዐቃቤ ሕጓ ቢሮ ሄድኩ። ምን ቆርጦኝ እንደሄድኩ እንጃ። "አንዲት ደንበኛ አለችኝ" አልኳት። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት። አባትየው ፈርሞ ያስቆመው ነገር።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አባትየው ማቆም አይችልም ነበር። ግን ጊዜው ርቋል፤ ይርጋ ሳያግደው አይቀርም። ሰውየውስ?"

"ሞቷል። ስድስት ዓመቱ።" ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ እንደነበር አልነገርኳትም። የሄድኩት ሰው ምን ይላል ብዬ ነው፣ የአባባ ጓደኛ አይደል።

"ደንበኛዎ... ደህና ናት?"

"ሥራዋን ትሠራለች" አልኳት።

ኅዳር 26

ዛሬ ክፉ ቀን ነው።

ታላቄ እኔ ቤት መጣች። ብስኩት ይዛ! ብስኩቱን ሳይ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ። ዘመዴ ብስኩት የሚይዘው ሲቸግረው ነው።

ድንቢጥ ትምህርት ቤት ስትገባ ዕድሜዋን በሁለት ዓመት ጨምራ ነበር ያስመዘገበቻት። ያኔ ባሏ ሥራ ብሎ እንደሄደ ቀረ፣ ልጅቷን የሚይዝላት የለም፣ ቶሎ ትግባልኝ ብላ። እኔም አውቃለሁ፤ አብሬያት ስቄያለሁ። "እንዴት ያለች ድንክ ናት ይሏታል" እያልን። ታዲያ በትምህርት ቤቱ ወረቀት አሁን አስራ ስምንት አልፏታል። የተወለደችበት ክሊኒክ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

"ስትወለድ የነበርነው እኔና አንቺ ብቻ ነን" አለች። "አስራ ስምንት ሞልቷታል ብለሽ ከፈረምሽ ማን ይጠይቃል? ነገሩ ያለው ዕድሜዋ ላይ ነው አሉኝ። ዕድሜዋ ከሞላ ወንጀል የለም።"

"አልሞላማ!"

"አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው የጎደላት! ለእሱ ብለሽ ልጄን መሳቂያ ልታደርጊያት ነው? አማቼን ታስሪያለሽ?"

"እኔ ነኝ ያሰርኩት?"

"ደግሞ ምን ይመጣል? ያልፋል። አንቺስ አላለፈልሽም? ምን ሆንሽ? ይኸው አለሽ አይደል፣ ሰው ሆነሽ፣ ሥራ ይዘሽ..."

ምን ሆንሽ።

ታላቄ ናት ያለችው። ያኔ አንድ አልጋ ላይ የምንተኛው፣ በእንቅልፌ ስጮህ አፌን በእጇ ይዛ "እሽሽ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" የምትለኝ።

"ላስብበት" አልኳት። ብስኩቱን ትታ ሄደች።

ኅዳር 27

ብስኩቱን አልነካሁትም።

ኅዳር 30

ሰማያዊውን ደብተር አገኘሁት። ድንቢጥ የተወለደችበት ዓመት የዕለት ማስታወሻዬ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ዓመቱን በትልቁ ጽፌዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

"መጋቢት 17። ታላቄ ዛሬ ረፋድ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። ክሊኒኩ ውኃ የለውም፣ ከውጭ በባልዲ አመላለስኩ። ታላቄ እጄን ጨምድዳ 'አንቺ እንዳትሄጂብኝ' አለችኝ። አልሄድኩም። ሕፃኗን ሲሰጡኝ ወፍ የያዝኩ መሰለኝ፣ ድንቢጥ አልኳት። አቅፌያት አለቀስኩ። እኔ እንደማልወልድ አውቀዋለሁ። ሰው ሲነካኝ ዛሬም እደነግጣለሁ... ከዚያን ጊዜ ጀምሮ። ይህን ለማን ይነገራል? ይህችን ግን ማንም ሳያስደነግጣት ያሳድግልኝ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀኑም አለ፣ ሰዓቱም አለ፣ ኪሎውም አለ። የቀረ የለም። እኔም አለሁበት፣ እርቃኔን።

ታኅሣሥ 3

ድንቢጥ መጣች። ከትምህርት ቤት ቀጥታ፣ ቦርሳዋን በደረቷ ታቅፋ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አኩራፊውን ታየዋለች እንጂ እኔን አታይም።

"አክስቴ... ተቀይመሽኛል?"

"አንቺን? በምን ዕዳሽ!"

ቤት ወሰድኳት። ሁለተኛውን ኩባያ አነሳሁት፣ አቧራውን አጠብኩ። ሻዩን በሁለት እጇ ይዛ ሳትጠጣ ነገረችኝ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገች። ስልኳ ተሰብሮ በነፃ ጠገነላት። ከዚያ ስልኳን የሚፈትሸው እሱ ሆነ። ከማን ጋር ነው የምታወሪው። ትምህርቱ ምን ያደርግልሻል። ሱቅ ቶሎ ነይ።

"እሺ እለዋለሁ። እምቢ ካልኩት ሁለት ቀን ይዘጋኛል፣ ለእማዬም ፊቱን ያጠቁርባታል። እሷ ደግሞ 'ምን አድርገሽው ነው?' ትለኛለች። ስለዚህ እሺ ነው የምለው።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ለአማካሪዋ የነገርኳት እንዲታሰር ብዬ አይደለም። እንዲበቃኝ ብዬ ነው። አሁን እማዬ ከሰሽ አሳሰርሽው ትለኛለች።"

"ከሳሿ አንቺ አይደለሽም።"

"እኔ አይደለሁም?"

"አይደለሽም። እናትሽም አይደለችም። ክሱን የያዘው መንግሥት ነው። አንቺ የሆነውን ትናገሪያለሽ፣ በቃ። ይታሰር አይታሰር ብሎ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። አንቺ ልትሸከሚው የተሰጠሽ ዕቃ አይደለም።"

ትከሻዋ ወረደ። ዓይኔ እያየ፣ ወረደ። ሻይዋን በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ "ስኳሩ በዝቷል" አለች።

እኔ ያኔ እንዲህ የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ... አንድ ሰው ብቻ።

ታኅሣሥ 5

ደብተሩን ወሰድኩ። ዐቃቤ ሕጓ ገጹን አነበበችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ ቀና አለች። ደንበኛዬ ማን እንደሆነች ገባት መሰለኝ።

"ቅጂ አይበቃም፣ ዋናውን ነው የምንፈልገው። ገጹ በሙሉ ነው የሚነበበው፤ ከላይ ወስደን ከታች መተው አንችልም። ተከላካይ ጠበቃውም ያየዋል። ያስቡበት።"

"አስቤበት ነው የመጣሁት" አልኩ። ውሸቴን ነው። መንገድ ላይ ሁለቴ ተመልሻለሁ።

ታላቄም ዕድሜ ዋሸች ተብላ እንዳትከሰስ ብዬ ጠየቅኩ። የዛሬ ስንት ዓመት የትምህርት ቤት ምዝገባ ማንም አይቆፍርም፣ አሁን ችሎት ፊት ካልደገመችው አለችኝ።

ፈርሜ ሰጠሁ። ስወጣ እጄ ቀሎኛል።

ታኅሣሥ 8

ታላቄ ደወለች። "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።" ዘጋችው።

መልሼ ደወልኩ። አላነሳችም።

ታኅሣሥ 13

አላነሳችም።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ልደቴ ነው። አርባ አምስት። ታላቄ በየዓመቱ ማለዳ ደውላ "አረጀሽ!" ነበር የምትለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዋልኩ። አንዴ ጮኸ፤ ደንበኛ ነው፣ ክፍት ነሽ ወይ የሚል።

ክፍት ነኝ።

ጥር 12

ችሎት። በዝግ ነው፤ ዳኛዋ፣ ጠበቆቹ፣ እሱ። ታላቄም እንደ አሳዳጊ ተፈቅዶላት ከኋላ ተቀምጣለች። ድንቢጥ ሌላ ክፍል ውስጥ ከአማካሪዋ ጋር ናት፣ እሱን እንዳታይ።

ጠበቃው ደብተሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ፣ ልክ እርጥብ ካልሲ እንደያዘ ሰው።

"ይህን የሚጽፉት ለማን ነው?"

"ለማንም።"

"የሚያነበው ከሌለ እውነት ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን?"

"ማን ይሰማኛል ብዬ ልዋሽ?" አልኩት። አፌ ነው ያለው እንጂ አስቤ አይደለም። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግታዋን ደበቀች።

ከዚያ ዳኛዋ ገጹን ጮክ ብላ አነበበችው። ባልዲው። ኪሎው። "አንቺ እንዳትሄጂብኝ።" ከዚያ ደግሞ የቀረውን። ሰው ሲነካኝ ዛሬም እደነግጣለሁ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ... በሰው ድምፅ ስሰማው የሌላ ሴት መሰለኝ። አዘንኩላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት።

ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ። አልዞርኩም።

ታላቄን ማንም አልጠየቃትም፤ ራሷ ነች እጇን ያወጣችው። ድምፅዋ አይሰማም፣ ዳኛዋ ሁለቴ "ከፍ አድርጊው" አለቻት። "መጋቢት 17 ነው። ዓመቱም እሷ የጻፈችው ነው" አለች። ተቀመጠች።

ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ቆምን። አላየችኝም። የቦርሳዬ ማንገቻ ተጠማዞ ኖሮ እጇን ሰደደች... ከመንካቷ በፊት ቆመች። "ልንካሽ?" አለችኝ።

በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ። ማንገቻውን አቃናችልኝና ሄደች።

ጥር 24

ፍርዱ ገና ነው፣ ለየካቲት ቀጥረውታል። ዕድሜዋን ግን ተቀብለውታል። ደብተሩ መዝገብ ውስጥ ቀርቷል።

ጠዋት ሁለት ሰዎች በመኪና ማቆሚያ ተሰዳድበው፣ ታርቀው መጡ። ጻፍኩላቸው። ይኼ የእነሱ ነው፣ ማንሳት ይችላሉ።

ቀትር ላይ አንድ አባት መጣ። ልጁ ከኋላው ቆማለች፣ ጫማዋን ታያለች። "ትንሽ አለመግባባት ናት፣ ጨርሰናል፣ ያንን ወረቀት" አለኝ። እሱን ተውኩትና ወደሷ ጎንበስ አልኩ። ስንት ዓመትሽ ነው? አስራ አራት።

"አልጽፍም" አልኩት። "እርስዎ ማንሳት የሚችሉት ክስ አይደለም።"

"አባቷ ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ። ቢሆንም አይችሉም።"

ያልሰደበኝ ስድብ የለም። ይሰድበኝ። የዐቃቤ ሕጓን ስልክ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ለልጅቷ ሰጠኋት። እሷን ቀና ብዬ ዓይኗን አይቼ ነው የሰጠኋት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ አየችኝ፣ ወረቀቱ መዳፏ ውስጥ ነው።

ከሰዓት ድንቢጥ መጥታ የቤት ሥራዋን እዚህ ሠራች። ረቡዕና ዓርብ መምጣት ጀምራለች። ዛሬ በኪሷ ቋጥራ ብስኩት አመጣችልኝ። "እማዬ ናት የላከችው። ሌላ ምንም አላለችም።" በላነው።

እሷ ስትሄድ ያችን ቢጫ ካርቦን አወጣኋት። የአባባ ፊርማ አለ፣ የጓደኛው አለ፣ የእኔ ግን የለም። ቦታም አልተተወለትም። ኮምፒውተሩ ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር ከፈትኩት። ስም፣ ቀን። ከ"ክሴን" በቀር ሁሉንም አጠፋሁና አንድ ቃል ጨመርኩባት።

"ክሴን አላነሳሁም።"

አኩራፊው አንድም ሳያኝክ አወጣው። ይርጋም ያግደው፣ ሰውዬውም አፈር ይሁን። ለየትኛው ቢሮ እንደሚገባ አላውቅም። ፈርሜበታለሁ።